ስሟ የጠፋ ሬዲዮና አማቴ

እኔ በዕቃ ተሸንፌ አላውቅም። በሰው ተሸንፌያለሁ፤ በሚስቴማ በየቀኑ ነው። በዕቃ ግን የለም። ቡራዩ አስፋልቱ ዳር ካለችው ሱቄ ያልተጠገነ ካውያ፣ ያልሞቀ ምድጃ፣ ያልዘፈነ ቴፕ ወጥቶ አያውቅም። እርግጥ አንዳንዱ ከወጣ በኋላ ተመልሷል። እርግጥ አንዱ ካውያ የአንድ ሙሽራ ሱሪ አቃጥሏል። ቢሆንም ሙሽራው በሌላ ሱሪ አግብቶ አሁን የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ስለዚህ ያ አይቆጠርብኝም።

ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ዋናው ነገር ግን በዚያ በማስተር ፕላኑ ግርግር ሰሞን አንዲት ጥቁር የእጅ ሬዲዮ ምን ያህል እንዳንገላታችኝ እንድታውቁልኝ ነው።

ያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋል። ስልኩም መንገዱን እያየ ነው መሰለኝ እንደዚያው ነበር። ኢንተርኔትማ ስሙም አይነሳ። እኔ ደግሞ ስልክ የምፈልግበት ምክንያት ነበረኝ። ሚስቴ ጫልቱ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፤ ያውም ከተጋባን በዘጠነኛ ዓመታችን፣ ያውም ከስንት ጠበል፣ ከስንት ስለትና ከስንት ሐኪም በኋላ። የመጨረሻው ሐኪም መነጽሩን አውልቆ፣ «ግፊቷ ጥሩ አይደለም። ምጥ ጀመረኝ ስትል ደቂቃ እንዳታባክኑ። ቤት እንዳትወልድ» ብሎኛል። ይህን ሲል ጫልቱ ውጭ ነበረች። ለእሷ «ሁሉ ነገር ጥሩ ነው» አልኳት፤ ፊቴን አየችና፣ «ውሸትህን ነው» አለች።

ታዲያ ይቺ ሴት የት ሄደች መሰላችሁ? እናቷ ዘንድ! «የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው» አለች። ከተማው በየቀኑ ጭስ ስለሆነም እምቢ ማለት አቃተኝ። እናቷ አዴ ዲንቄ ከቡራዩ በላይ ጋራው ወገብ ላይ፣ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ቦታ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ማሳቸው ከተማውን በሚያሰፋው የማስተር ፕላኑ ካርታ ውስጥ ገብቷል ይባል ነበር፤ እሳቸው ግን ካርታውን አላዩትም፣ ካርታውም እሳቸውን አላያቸውም።

«አንተስ ለምን አብረሃት አልሄድክም?» የምትሉኝ የአማቴን አገር ወግ ባታውቁ ነው። አማትና አማች ከመከባበር ብዛት ፊት ለፊት አይነጋገሩም። አብሮ ማደርማ አይታሰብ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአዴ ዲንቄ ጋር የተነጋገርነው በጫልቱ በኩል ነው። እኔ ሁለት ክንድ ርቄ ተቀምጬ፣ «ጫልቱ፣ እናትሽ ደህና ናቸው ወይ በያቸው» እላለሁ። እሳቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ «ጫልቱ፣ ፈያ ነን፣ ደህና ነን በያቸው» ይላሉ። ጫልቱ ዝም ብላ ሽሮዋን ትበላለች። ምን ታድርግ፣ ሁለታችንም ሰምተናላ!

እንግዲህ እሷ ጋራ ላይ፣ እኔ አስፋልት ዳር፣ ስልኩ የሞተ፣ አምቡላንሱ ከታች ጤና ጣቢያ የቆመ። ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር፣ ከዓመታት በፊት አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲዘጋ በጨረታ የገዛሁት የቁርጥራጭ ሣጥን ትዝ አለኝ። ገለበጥኩት። ከዝገቱ ሥር ሁለት የእጅ ሬዲዮዎች ከነቻርጀራቸው ወጡ። ጡብ የሚያካክሉ፣ ስክሪን የሌላቸው፣ ከላይ አንድ የሚሽከረከር ቁልፍ፣ ከጎን ሁለት ቁልፍ ያላቸው ጥቋቁር ሬዲዮዎች! ቻርጅ አድርጌ ሳበራቸው ሁለቱም «ጢጥ» አሉ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

አንዷን በቀኝ እጄ አፌ ላይ፣ ሌላዋን በግራ እጄ ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ሃሎ» አልኩ። ዝም። አቀያየርኩና «ሃሎ» አልኩ። ዝም። የሚሽከረከረውን ቁልፍ እያዞርኩ ከራሴ ጋር ግማሽ ቀን «ሃሎ፣ ሃሎ» ስባባል በሩ ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ቀስ ብላ እቃዋን አንስታ ሁለት በር ራቅ ብላ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ምን ዓይነት ሬዲዮ እንደሆነች ማወቅ አለብኝ አልኩ። ከባትሪው ጀርባ የሞዴሉ ጽሑፍ አለ። ከእርጅና ብዛት ደብዝዞ ሁለት ፊደልና ከሦስት ያላነሱ ቁጥሮች ጥላቸው ብቻ ይታያል። ብልህ ሰው ቢሆን መስኮት አጠገብ አስጠግቶ ያነበዋል። እኔ ግን ጨርቅ በናፍጣ ነክሬ ወለል ብሎ እንዲታይ ፈተግኩት። ወለል ያለው ፕላስቲኩ ነው፤ ፊደሉና ቁጥሩ ጨርቁ ላይ ቀሩ። በዚህ ይበቃኝ አትሉም? «ምናልባት ሁለተኛዋ ላይ በደንብ ይታይ ይሆናል» ብዬ እሷንም ፈተግኳት።

መርካቶ ድረስ ሄጄ አንዷን አሳየሁ። ነጋዴው ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ይሄማ መሠራት ካቆመ ስንት ዘመኑ! ቻርጀሩን ልግዛህ» አለኝ። ሌላው የፋብሪካውን ስም ከነገርኩት ሊረዳኝ እንደሚችል ነገረኝ። ስሙን ባውቅ ምን መርካቶ አመጣኝ! በመጨረሻ አንድ ሽቦ ሻጭ፣ «ሱሉልታ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። በመንገድ ሥራ ካምፖች ዕድሜያቸውን በሬዲዮ ሠራተኛነት የጨረሱ ናቸው። እሳቸው ካላወቋት ቅበራት» አለኝ።

ሱሉልታ ለመድረስ በመሃል ከተማው ዞሮ፣ ኬላ አልፎ ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ መገናኛ ሬዲዮ በእጅ ይዞ ኬላ መቅረብ «ፈልጉኝ» ብሎ ራስን መጥራት ነው። እኔ ግን ቆርጫለሁ። ጎረቤቴን ትልቅ ድፎ ዳቦ አስጋገርኳት። ሥሩን በቢላ ክብ አድርጌ ከፈትኩ፣ ሆዱን አወጣሁ፣ የወጣውን በላሁ፣ ሁለቱን ሬዲዮ በላስቲክ ጠቅልዬ ከተትኩና ክዳኑን በስንጥር ሰካሁት።

ኬላው ላይ ፈታሹ ታክሲው ውስጥ ገብቶ ዳቦውን ከጭኔ ላይ በሁለት እጁ አነሳ።

«ከበደ» አለ።

«የገብስ ነው» አልኩት።

የገብስ ዳቦ ይከብዳል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። እሱም አልጠየቀኝም። አሸተተው፣ ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ «ለሽማግሌ፣ ለምርቃት» ስለው መልሶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። እስከ ሱሉልታ ድረስ ዳቦውን እንደ ሕፃን አቅፌ ሄድኩ።

ኦቦ ገመቹ ቤት ስደርስ አራት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ባለቤቱ ዓይናቸው ሞራ ለብሶ የሚያዩት ጥላ ጥላውን ነው። ሰላምታው እንዳለቀ፣ «ኦቦ፣ አንድ ጊዜ ለብቻዎ…» ብዬ ስጀምር አንደኛው እንግዳ፣ «ዳቦ ይዞ መጥቷል!» አላ! አበቃልኝ። ሽማግሌ ቤት የገባ ዳቦ ሳይመረቅበትና ሳይቆረስ አይቀመጥም። ሁሉም ተነሱ። ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ዘርግተው ምርቃቱን ጀመሩ። ለከብቱ፣ ለዝናቡ፣ ለአገሩ፣ ለመንገደኛው መረቁ። ምርቃት አይቋረጥም። እኔም ከሁሉም ጮክ ብዬ «አሜን» እላለሁ፤ እንዳያልቅ ነበር ጸሎቴ። አለቀ። ቢላዋው ገባ፣ «ቋ!» አለ።

«ይሄ ዳቦ አጥንት አለው» አሉ ኦቦ ገመቹ።

እጃቸውን ሰደው ጎተቷት። ላስቲኩ ሲገፈፍ ሬዲዮዋን ያዩት እንግዶች ፊታቸው አመድ መሰለ፤ አንዱ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ሽማግሌው ግን አላዩማ! ጣቶቻቸው የአንቴናውን ሥር ያዙ፣ የላዩን ቁልፍ እያዞሩ ድምፁን ቆጠሩ፣ የጎኑን ጫን አደረጉ፣ በመዳፋቸው መዘኗት። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«አህያዬ!» አሉ። «አንቺ አህያ፣ አለሽ እንዴ?»

በካምፑ «አህያ» ይሏት ነበር፤ ብትወድቅ፣ ብትረጥብ፣ ቢጫኗት አታማርርም። የፋብሪካ ስሟን እሳቸውም ረስተውታል። ጥቂት ዓመት ተሠርታ ቀረች፣ ከዚያ ወዲህ የሠራትም የለም። ሳምንት ሙሉ በዓይኔ ፈልጌ ያጣሁትን ሽማግሌው በጣታቸው አገኙት።

«አይነጋገሩም» አልኳቸው።

«እንዴት ይነጋገሩ! እነዚህ ፊት ለፊት እንዲነጋገሩ አልተደረጉም። ይቺ ለካምፑ የአንቴና ማማ ትናገራለች፣ ማማው ለዚያችኛዋ ያቀብላል። በሚናገሩበት ሞገድ አይሰሙም፣ በሚሰሙበት አይናገሩም። ማማው ከካምፑ ጋር ፈርሷል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ምን አሳቀህ ሲሉኝ የአዴ ዲንቄንና የኔን ነገር ነገርኳቸው። ጫማውን ይፈልግ የነበረው እንግዳ ሳይቀር ሳቀ። ስለ ጫልቱና ሐኪሙ ስላለው ስነግራቸው ግን የሚስቅ አልቀረም። ኦቦ ገመቹ ሬዲዮዋን እጄ ላይ መልሰው አስያዙኝ።

«ስማ። ድሮ ሞገዷ በኮምፒውተር ነበር የሚሞላው። ገመዱም ዲስኩም ዛሬ አይገኝም። ግን ጓሮ በር አላት። ሁለቱን የጎን ቁልፍ ተጭነህ ስታበራት ሦስት ጊዜ ትጮሃለች። ከዚያ ሞገዱን በቁጥር ትነግራታለህ። አራት ከሆነ አራት ጊዜ ትጫናለህ፣ ዜሮ ከሆነ አሥር ጊዜ። ስድስት ቁጥር ለመናገሪያ፣ ያንኑ ስድስት ቁጥር ለመስሚያ። አንዷን ከሳትክ ሁሉም ይሰረዛል፣ እንደ ገና ነው።»

ማንም የማይሠራበትን ቁጥር መረጡልኝ። እንደ ዳዊት ተማሪ አሥር ጊዜ በቃሌ አስደገሙኝ። ስወጣም ክንዴን ይዘው፣ «ለቀበሌ ሳታስታውቅ አንዲት ቃል እንዳትናገርባት» አሉኝ። «እሺ ኦቦ» አልኩ። አስቀድሜ ልሙላትና ነገ አስታውቃለሁ ብዬ ነበር።

ሬዲዮዎቹን በተረፈው ዳቦ ውስጥ መልሼ ኬላውን አለፍኩና በማግስቱ ሱቄ ውስጥ ቁጥሩን መሙላት ጀመርኩ። አምስተኛው ቁጥር ላይ ስደርስ ባጃጅ ክላክስ አደረገ፤ ቁጥሩ ጠፋኝ፣ ተሰረዘ። እንደ ገና። ዘጠነኛው ቁጥር ላይ ስደርስ አንድ ደንበኛ በሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «አካም ቡልቴ?» አለኝ። ሰላምታ ደግሞ በጭንቅላት ነቅንቆ የሚያልፉት ነገር አይደለም። እሱ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቃል፤ እኔ ስለ ከብቱ፣ ስለ እህሉ። ጨርሰን ሬዲዮዋን ሳያት ጢጥ ጢጥ ብላ ወደ መጀመሪያው ተመልሳለች። አምስት ሰው አምስት ጊዜ ሰላም አለኝ። በስድስተኛው ተናደድኩና የሱቄን በር ከውስጥ ዘጋሁት።

የሠራሁት ስህተት የገባኝ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ሱቅ በቀን መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ቡራዩ የነበረ ሁሉ ያውቃል፤ አድማ ነው! እኔ ውስጥ ሆኜ «ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ» ስል ውጭ ጎረቤቴ ወፍጮ ቤት፣ «ተጠራ እንዴ?» ብሎ ዘጋ። እሱን ያየ ፀጉር ቤት ዘጋ። ፀጉር ቤቱን ያየች ባለ ሻይ ቤት፣ ግማሹን ደንበኛ ብርጭቆውን እንደያዘ አስወጥታ ዘጋች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መስመሩ በሙሉ ጭር አለ። አድማውን የጠራሁት እኔ መሆኔን የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሩ ሲደበደብ ከፈትኩ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ናቸው፤ ከኋላቸው ግማሽ ሰፈር።

«ማነው ሱቅ የመዝጋት አድማ የጠራው? ከአንተ ነው የጀመረው አሉ!»

«እኔ ቁጥር ልቆጥር ነው የዘጋሁት።»

«የምን ቁጥር?»

ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ወደተጋደሙት ሬዲዮዎች ሄደ። የእኔም ነፍስ አብራ ሄደች። መደበቂያ ዳቦ የለም። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ጫልቱን፣ ግፊቷን፣ ሐኪሙን፣ የሞተውን ስልክ። «ጋሼ፣ ዘጠኝ ዓመት ነው ልጅ የጠበቅነው። አንድ ቀን ዘግይቼ ብሰማስ?» አልኳቸው።

ሊቀ መንበሩ ዓይናቸውን በሁለት ጣታቸው አሹ። «ሚስትህ እስክትወልድ ዓይኔን ያመኛል» አሉ። «በማግስቱ ግን ይሻለኛልና ሬዲዮዎቹን ራስህ ታመጣልኛለህ። አሁን ሱቅህን ክፈት!» ከፈትኩ። ወፍጮ ቤቱም፣ «ተጠናቀቀ እንዴ?» እያለ ከፈተ።

በአሥራ ሁለተኛው ሙከራ ተሳካልኝ። አንዷን አፌ ላይ አድርጌ «ሃሎ» ስል ሌላዋ ጆሮዬ ላይ ፉጨቷን ስትለቀው የጆሮዬ ታምቡር የተቀደደ መሰለኝ፤ ደስ ሲል!

በነጋታው አንዷን ይዤ ጋራውን ወጣሁ። ለጫልቱ አሳየኋት። አንድ ጊዜ በቂ ነበር፣ ጫልቱ ከእኔ ይልቅ ዕቃ ይገባታል። ቢሆንም በሩ ጀርባ የነጠላ ጫፍ አየሁና፣ «ጫልቱ፣ የጎኑን ተጭነሽ ትናገሪያለሽ። ጫልቱ፣ ስትጨርሺ ትለቂያለሽ። ጫልቱ፣ ካልለቀቅሽ አልሰማሽም!» እያልኩ ጮክ ብዬ ደጋገምኩት።

«ደንቆሮ አደረግከኝ እኮ!» አለች።

ሱቄ ተመልሼ ሞከርናት። ድምፅዋ ጥርት ብሎ መጣ። «ስትመጣ ሽንኩርት ይዘህ ና» ነበር ያለችኝ። ከዚያ በኋላ ሬዲዮዋን ትራሴ ሥር አድርጌ ሱቁ ውስጥ ማደር ጀመርኩ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ከተማው ተዘግቷል። ሬዲዮዋ ተከፈተች። ድምፅ የለም፤ የሰው ትንፋሽ ብቻ። ተዘጋች። እንደ ገና ተከፈተች።

«አንቺ ሬዲዮ» አለ አንድ ድምፅ። አዴ ዲንቄ ናቸው! «አንቺ ሬዲዮ፣ እንዴት አደሩ በያቸው። እኛ ፈያ ነን በያቸው። ከብቶቹም ደህና ናቸው በያቸው።» ከኋላቸው አንድ የታፈነ ጩኸት ሰማሁ። «ጫልቱን ከንጋት ጀምሮ ይዟታል በያቸው። እሷ መናገር አቅቷታል በያቸው። ቶሎ ይምጡ በያቸው።»

ለመናገር ወስነው ቁልፉን እስኪጫኑ አንድ ሰዓት ያህል ሬዲዮዋን እያዩ እንደቆዩ በኋላ ሰምቻለሁ። ቁልፉን ተጫንኩ። «አንቺ ሬዲዮ፣ መጣሁ በያቸው! ሐኪም ይዤ መጣሁ በያቸው!»

ጤና ጣቢያው ድረስ በባዶ እግሬ እንደሮጥኩ ያወቅሁት አምቡላንሱ ውስጥ ነው። ሲስተሯና ሾፌሩ ሳያንገራግሩ ተነሱ። የጋራው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ መንገዱ በድንጋይና በግንድ ተዘግቷል። ወጣቶች ከበቡን። እኔ ወርጄ፣ «ሚስቴ…» ስል አንዱ እጄን አየ።

«ሬዲዮ ይዟል! የማን ጆሮ ጠቢ ነህ?»

ኬላ ላይ የወጣቶቹ ሰው እንዳልባል የፈራሁት ሰውዬ፣ እዚህ የኬላው ሰው ልባል ነው! አንገቴን ያዙኝ። በዚህ መሃል እጄ ላይ ተከፈተች።

«አንቺ ሬዲዮ፣ ጭንቅላቱ ታየ በያቸው! ዋቃዮ! ምን ላድርግ በያቸው!»

አንገቴን የያዘው ልጅ ለቀቀኝ። «ይሄ የአዴ ዲንቄ ድምፅ አይደለም?» አለ። መልስ የጠበቀ የለም፤ ድንጋዩን ማንሳት ጀመሩ። ሲስተሯ ሬዲዮዋን ከእጄ ነጠቀችና እሷም በድንጋጤ፣ «አንቺ ሬዲዮ፣ እንዳይጎትቱት በያቸው! በንጹሕ ጨርቅ ይቀበሉት በያቸው!» አለች። ለቀቀች። ጠበቅን። ግንድ በትከሻው የተሸከመው ልጅ እንደተሸከመ ቆመ።

የሕፃን ለቅሶ መጣ። ቀጭን፣ የተቆጣ ለቅሶ።

ወጣቶቹ ጮሁ፣ ሾፌሩ ክላክሱን ነፋ። እኔ ግን የሐኪሙ ፊት ነበር የሚታየኝ። ሬዲዮዋን ተቀበልኩ። «አንቺ ሬዲዮ» አልኩ። «ጫልቱስ በያቸው? ጫልቱስ? ጫልቱስ!»

ለቀቅኩ። ሽሽሽ ብቻ። ሲስተሯ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። እንዲህ ያለ ረጅም ዝምታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ለእግዚአብሔር ያን ሰዓት የተሳልኩትን እስከ ዛሬም ከፍዬ አልጨረስኩም።

ጠቅ አለች።

«አንተ ሰውዬ» አለ አንድ የደከመ፣ የሻከረ፣ የማውቀው ድምፅ። «ከንጋት ጀምሮ እኔ ስጮህ የት ነበርክና ነው አሁን የምትጮኸው? ልጅቷን አስደነገጥካት። ዝም ብለህ ና!»

ዝም ብዬ ሄድኩ።